የአማርኛ መጽሐፍ ከኮምፒውተር ወደ ኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ሲሻገር

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ቀጨኔ ከሚኖሩ ዘመዶቼ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ኮምፒውተር የሚያስተምር ዘመድ ለቡና ሲጠራ ከቡናው ጋር አንድ የተበላሸ ዕቃ እንደሚቀርብለት የታወቀ ነው። የዚያን ዕለት የቀረበልኝ ግን አዲስ ዕቃ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የቤቱ ልጅ፣ ውጭ አገር የሚኖረው አጎቷ የላከላት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ። መብራት በጠፋ ቁጥር ቻርጅ ጨረሰ ተብሎ አይጣልም፣ ሸክላ በሚደርቅበት ደጅ ላይ ፀሐይ እየመታው እንኳ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል።

ልጅቱ ከአባቷ አሮጌ ኮምፒውተር ስድሳ ያህል ፋይሎችን ቀድታበታለች። እንግሊዝኛዎቹ ያለ ችግር ተከፈቱ። የአማርኛዎቹ ነገር ግን ሌላ ሆነ። ጥቂቶቹ በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራሉ፤ ሌሎቹ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ አማርኛ መሆናቸው ቢታወቅም ፊደላቸው ከማነሱ የተነሣ ዓይን ያደክማሉ። «ጋሼ፣ ማሽኑ አማርኛ አይችልም መሰለኝ» አለችኝ።

ከላቲን ፊደል ክምሮቹ መካከል አንዱ ተራ ፋይል አልነበረም። አባቷ በ1990 ዓ.ም. ገደማ፣ ሸክላ ሠሪ የነበሩት እናቱ ስለ ሙያቸው የነገሩትን እየሰማ የተየበው አርባ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ነው፤ አፈሩ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንዴት እንደሚታሽ፣ ጀበናው መቼ ወደ እሳት እንደሚገባ። አባትየው ዛሬ በሕይወት የለም፤ በወረቀት የታተመው ቅጂም ከዓመታት በፊት ጠፍቷል። የቀረው ያ ፋይል ብቻ ነው።

ፋይልን ከኮምፒውተር ወደ ማንበቢያ መገልበጥ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። መጽሐፉ መጽሐፍ ሆኖ እንዲደርስ ማድረግ ግን ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው፤ ቀደም ሲል ያየናቸው ሦስት ሕመሞች ምንጫቸው የተለያየ ስለሆነ አንድ መድኃኒት አይበቃቸውም።

ፊደል በኮምፒውተር ዓይን

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ፋይሉ የሚያስቀምጠው ያንን ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩን ወደ ቅርጽ የሚለውጠው ፎንት ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የቁጥር ሥርዓት፣ ጆ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረበው ሐሳብ ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው 3.0 በተሰኘው ዕትሙ የግዕዝ ፊደልን ከነሥርዓተ ነጥቡና ከነአኃዙ 345 ምልክቶች ይዞ አካተተ። ዋናው የግዕዝ ፊደል ቀበሌ ከ4608 እስከ 4991 ያሉትን ቁጥሮች ይይዛል። ከዚያ ወዲህ ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት በየጊዜው ገብተዋል።

አደራደሩ የፊደል ገበታን ለቆጠረ ሰው እንግዳ አይደለም። ሀ 4608 ነው። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ቦታ ስለተሰጠው ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632 ይሆናል። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ድምፆች ከመነሻው እየተደመሩ ይገኛሉ። ቀጨኔ የሚለውን ስም እናስላ። ቀ 4672፣ ጨ 4904 ነው። የነ መነሻ 4752 ሲሆን፣ ኔ ኀምስ በመሆኑ አራት ሲደመርበት 4756 ይሆናል። ስለዚህ ሠፈሩ በኮምፒውተር ዓይን 4672፣ 4904፣ 4756 ነው። እንደ ቈ እና ጐ ያሉት ለብቻቸው ረድፍ ስላላቸው ሒሳቡ ትንሽ ይሰበራል እንጂ አንባቢ የገዛ ስሙን በዚህ መንገድ ሊያሰላ ይችላል። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የተለመደ አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ፣ ቀጨኔ ዘጠኝ ባይት ይፈጃል።

የመጀመሪያው ሕመም፣ ማለትም ባዶው ሳጥን፣ ከዚህ በቀላሉ ይገባናል። ሳጥን በሚታይበት ቦታ ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የጠፋው ቅርጹ ነው። ማንበቢያው የግዕዝ ፎንት የለውም። ይህ ከሦስቱ ቀላሉ ሕመም ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባሉትን ነፃ ፎንቶች ከመረጃ መረብ አውርዶ፣ ማንበቢያውን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ፣ በላቲን ፊደል «ፎንትስ» የሚል ስም ባለው ፎልደር ውስጥ መገልበጥ ነው። በኮቦ ማንበቢያ ይህን ፎልደር ከሌለ ራሳችን እንፈጥረዋለን፤ በኪንድል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በወጡት ሶፍትዌሮች ፎልደሩ አብሮ ይመጣል። ቀጥሎ መጽሐፉን ከፍቶ ከፊደል ምርጫው ዝርዝር አዲሱን ፎንት መምረጥ ነው። በአንዳንድ መሣሪያ የመጽሐፉ ገጽ ተስተካክሎ የርዕሶቹ ዝርዝር ሳጥን ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ዝርዝሩን የሚጽፈው የመሣሪያው የራሱ ፎንት ነውና። በዚህ ጊዜ የሽፋን ሥዕል ማኖር ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ጭንብል የለበሰው ጽሑፍ

ሁለተኛው ሕመም ከባድ ነው። ከዩኒኮድ በፊት አንድ ፎንት የሚያስተናግደው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ የእኛ ፊደል ደግሞ በዚያ አይበቃም። ስለዚህ የዘመኑ ፎንት ሠሪዎች ብልሃት ፈለጉ። የላቲን ፊደላት ቁጥር በሆነው ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ሣሉበት። አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት፤ አንዳንዶቹ መነሻውን ፊደል ለብቻ፣ እግሩንና ክንዱን ለብቻ አድርገው በሁለት ቁጥር ገጣጠሙት፤ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠራ ሰው ይህን ጥበብ ያውቀዋል። ጥፋት አልነበረም። ደብዳቤው፣ ጋዜጣው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ለብዙ ዓመታት የተጻፈው በዚህ ብልሃት ነው።

ችግሩ የሚገለጠው ፎንቱ ሲለይ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ግዕዝ ያስመሰለው ፎንቱ ነበር። ጭንብሉ ሲወልቅ እውነተኛው ፊት ይታያል። ማንበቢያው ያሳየው ክምር በማሽኑ ስህተት የመጣ አይደለም፤ ማሽኑ ያገኘውን በታማኝነት አንብቧል።

አንዳንድ ሰዎች የድሮውን ፎንት ከመጽሐፉ ጋር አሽገው ወደ ማንበቢያ ይልኩታል። ገጹ በእርግጥ አማርኛ ይመስላል። ነገር ግን ቃል ሲፈለግበት አይገኝም፣ ማስታወሻ ሲቀዳለት መልሶ የላቲን ክምር ይሆናል፣ ፎንቱ የጠፋ ዕለትም መጽሐፉ አብሮት ይጠፋል። እኔ ይህን መንገድ አልመክርም። ትክክለኛው መፍትሔ የድሮውን ቁጥር ወደ ዩኒኮድ ቁጥር በሠንጠረዥ መለወጥ ነው።

ሠንጠረዡ ቀላል ይመስላል፤ በግራ የድሮው ቁጥር፣ በቀኝ አዲሱ። ሆኖም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጉታል። የመጀመሪያው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። በድሮው ፎንት 65 ብቻውን ለ ነው፣ 65 እና 66 ተከታትለው ሲመጡ ደግሞ ሉ ናቸው እንበል። ለዋጩ ፕሮግራም አጭሩን አስቀድሞ ከፈለገ 65ን ለ አድርጎ ያልፋል፤ 66ም ብቻውን ይንከራተታል። ስለዚህ ምንጊዜም ረጅሙ ቅንጅት ቀድሞ መፈተሽ አለበት። ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩ ተማሪዎች ይህን በሃያ መስመር ሊሠሩት ይችላሉ፤ ከመማሪያ መጽሐፍ መልመጃዎች ይልቅ የሚጠቅም ሥራ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ብዙዎችን የሚያሳስት ነው። በአንድ ሰነድ ውስጥ አማርኛና እንግሊዝኛ ቢቀላቀሉ ሁለቱም የተጻፉት በአንድ ዓይነት ቁጥሮች ነው፤ የሚለያቸው በላያቸው ያለው የፎንት ስም ብቻ ነው። ሰነዱን ፎንት ወደማያውቅ ተራ ጽሑፍ ለውጠን ካስቀመጥነው ያ ልዩነት ይጠፋል፤ እውነተኛው የእንግሊዝኛ ቃልም ወደ ትርጉም የለሽ ግዕዝ ይለወጣል። ስለዚህ መለወጥ ያለበት የመጀመሪያው ሰነድ እንዳለ ነው፤ ፕሮግራሙም በድሮው ፎንት የተጻፈውን ክፍል ብቻ እየለየ ይለውጥ። ከሁሉ በፊት የመጀመሪያውን ፋይል ቅጂ ለብቻ አስቀምጡ። ቅጂ ሳያስቀምጥ የለወጠ ሰው የሠራውን ስህተት መልሶ የሚያርምበት የለውም።

የወረቀት ፎቶግራፍና የሚፈስ ጽሑፍ

ሦስተኛው ሕመም የፒዲኤፍ ነው። ፒዲኤፍ የወረቀትን ገጽ እንዳለ የሚይዝ ፋይል ነው፤ ለማተሚያ ቤት ግሩም፣ ለትንሽ ስክሪን ግን ፈተና። ስድስት ኢንች የሚባለው ማንበቢያ የስክሪኑ ወርድ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሃያ አንድ ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ኤ-4 ገጽ በዚያ ላይ ሲያርፍ ወደ 43 በመቶ ይቀንሳል፤ በ12 ነጥብ የተጻፈው ፊደል 5 ነጥብ ያህል ሆኖ ይታያል። የላቲን ፊደል ይህን በመጠኑ ይችላል። የእኛ ፊደል ግን በ እና ቡን፣ ሰ እና ሱን የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ የምትጠፋውም መጀመሪያ እርሷ ናት።

ስለዚህ ለማንበቢያ የሚመቸው ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት የሚፈስበት ዓይነት ነው። ከነዚህ ዋናው ኢፐብ ይባላል፤ ደረጃው ሆኖ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ውስጡ ቀላል ነው። ኢፐብ ማለት የታመቀ ዚፕ ፋይል ነው። ቅጂውን ወስዳችሁ የፋይሉን ቅጥያ ወደ ዚፕ ብትለውጡትና ብትከፍቱት በውስጡ ምዕራፎቹን እንደ ድረ ገጽ የተጻፉ ሆነው ታገኛላችሁ፤ የፊደል መጠንና ኅዳግ የሚወስን አንድ ፋይል፣ ሥዕሎች፣ ፎንት ካለም ፎንት፣ እንዲሁም የመጽሐፉን ርዕስ፣ ደራሲ፣ ቋንቋና የምዕራፎች ቅደም ተከተል የያዘ የመዝገብ ፋይል። የመጨረሻውን አስታውሱ፤ ስለ አደራደር ስንነጋገር እንመለስበታለን።

የመጠን ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በገጽ 1500 ፊደል ያለው ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ 300,000 ፊደል ነው፤ በሦስት ባይት ሲባዛ 900,000 ባይት፣ አንድ ሜጋ ባይት አይሞላም፤ ሲታመቅ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ያው መጽሐፍ በስካነር ተነሥቶ እያንዳንዱ ገጽ 150 ኪሎ ባይት ቢሆን 30 ሜጋ ባይት ይሆናል። የማንበቢያው ማከማቻ ሁለቱንም ይችላል፤ ደካማው ፕሮሰሰሩ ግን ሥዕሉን ሲገልጥ ያቃስታል።

ከቃል ማቀነባበሪያ የወጣ፣ በዩኒኮድ የተጻፈ ፒዲኤፍ ከሆነ ጽሑፉን አውጥቶ ኢፐብ ማድረግ ይቻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፒዲኤፉ የተሠራበትን ዋናውን ሰነድ ማግኘት ነው። በስካነር የተነሣ ከሆነ በውስጡ አንድም ፊደል የለም፤ ያለው የፊደል ፎቶግራፍ ነው። ቴሰራክት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የአማርኛ ፊደልን ከሥዕል ያነባል፤ ሆኖም ተመሳሳይ ፊደላትን ስለሚያምታታ ውጤቱን ሰው ቁጭ ብሎ ማረም አለበት። ለመለየት ቀላል ፈተና አለ፤ በመጽሐፉ ውስጥ እርግጠኛ የሆናችሁበትን አንድ ቃል በፍለጋ ጻፉ። ካገኘው ጽሑፍ ነው፤ ካላገኘው ወይ ፎቶግራፍ ነው፣ ወይ ጭንብል የለበሰ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። የሚዘዋወረው ስካን ሁሉ እንዲገለበጥ የተፈቀደ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2003 ስለሆነ የሥራዎቻቸው መብት ገና ረጅም ዕድሜ አለው።

በገመድ ላይ

ፋይሉ ከተዘጋጀ በኋላ የሚቀረው ሥራ አጭር ነው። ማንበቢያው በዩኤስቢ ገመድ ሲገናኝ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ፍላሽ ዲስክ ይታያል፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የወጡ ኪንድሎች ግን በሌላ ስልት ስለሚገናኙ በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ተጨማሪ ሶፍትዌር ይሻሉ። ኮቦ ኢፐብን በቀጥታ ያነባል። ኪንድል ግን በገመድ የተገለበጠለትን ኢፐብ አይከፍትም፤ በካሊበር ወደ ራሱ ዓይነት መለወጥ ወይም የኩባንያው የመላኪያ አገልግሎት ባለበት በዚያ በኩል መላክ ያስፈልጋል። የመላኪያ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ኢፐብን ይቀበላል።

የፋይል ስም አሰጣጥ ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ እዝባርና የላቲን ሁለት ነጥብ አይቀበልም። ቀኑን 29/3/1998 ብሎ በስሙ ውስጥ መጻፍ የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የኛው ሁለት ነጥብ (፡) ግን ይፈቀዳል። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ የላቲኑ 58 ሲሆን የኛው 4961 ነው። ተከታታይ ክፍሎችን ስትቆጥሩ ደግሞ 1፣ 2፣ 3 ሳይሆን 01፣ 02፣ 03 በሉ፤ አለዚያ አሥረኛው ክፍል በአንዳንድ ዝርዝር ከሁለተኛው ቀድሞ ይቆማል።

ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ገመዱን መንቀል አይገባም። ኮምፒውተሩ «ጨርሻለሁ» ቢልም የፋይሉ ጭራ ገና በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አስቀድማችሁ «አስወግድ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። ልጅቱ ከቀዳቻቸው ውስጥ ሁለቱ ከመካከላቸው የተቆረጡት በዚህ ምክንያት ነበር።

ስም ሲደረደር

ብዙ ሰው መጻሕፍቱን በኮምፒውተሩ ላይ በፎልደር ይከፋፍልና ማንበቢያው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ተደባልቀው ያገኛቸዋል። ምክንያቱም አብዛኛው ማንበቢያ ዝርዝሩን የሚያወጣው ከፎልደሩ ወይም ከፋይሉ ስም ሳይሆን፣ ቀደም ሲል ካነሣነው በመጽሐፉ ውስጥ ካለው መዝገብ ነው። መዝገቡ ባዶ ከሆነ መጽሐፉ «ደራሲው ያልታወቀ» ከሚባሉት ጋር ይጣላል።

መዝገቡን ለማስተካከል ካሊበር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ከሁሉ የተሻለ ነው። ኮቪድ ጎያል የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ነው። ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ ቋንቋውን፣ ሽፋኑን ያስተካክላል፤ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ይለውጣል፤ ወደ መሣሪያውም ይልካል። ቋንቋውን አማርኛ ማለት አይዘንጋ፤ እንግሊዝኛ ተብሎ ከተመዘገበ ማንበቢያው በእንግሊዝኛ ሕግ ቃል ሊቆርጥበት ይሞክራል።

ነገር ግን ካሊበር የእኛን ስም አያውቅም። በምዕራባውያን ልማድ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ስለሆነ ሶፍትዌሩ ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ብሎ ይደረድራቸዋል። ለእኛ ይህ ደራሲውን በአባታቸው ስም መጥራት ነው፤ መጽሐፉም ከሀ ወደ ዐ ተሰድዶ ይገኛል። ከማስተካከያዎቹ መካከል የደራሲን ስም አደራደር የሚወስነውን ፈልጋችሁ «ገልብጥ» ከሚለው ወደ «እንዳለ ቅዳ» ለውጡት። አንድ ጊዜ ከተለወጠ ከዚያ በኋላ ለሚገቡት ሁሉ ይሠራል።

የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን 4608፣ 4624 እና 4736 ናቸው። ፀጋዬ ገብረ መድኅን የሚለውን ስም ውሰዱ። ፀ ወይም ጸ፣ ኅ ወይም ሕ ወይም ህ፣ ገብረ መድኅን ተነጥሎ ወይም ተጋጥሞ፤ ሁለት በሦስት በሁለት ሲባዛ አንድ ባለቅኔ አሥራ ሁለት ደራሲ ሊሆን ይችላል። የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ሊቃውንት ትተን፣ በራሳችን ስብስብ ውስጥ በመጽሐፉ ሽፋን ላይ ያለውን አጻጻፍ መርጠን በዚያው መጽናት ይሻላል። በካሊበር የደራሲዎች ዝርዝር ላይ አንድን ስም ማረም በእርሱ ሥር ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ ያርማል።

በርዕሰ ጉዳይ መከፋፈልን በተመለከተ ብዙ አልልም። የስድሳ መጽሐፍ ባለቤት ከአምስት መደብ በላይ አያስፈልገውም። ልጅቱ የመረጠችው ሦስት ነው፤ ለፈተና፣ ለራሴ፣ የአባዬ።

«የአባዬ» በሚለው ውስጥ ያለው አንድ መጽሐፍ ነው። አርባ ሦስቱን ገጽ ለመለወጥ ሠንጠረዡን ስንሠራ አንድ ምሽት ፈጀብን፤ አባትየው የተጠቀመበት ፎንት በአሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ስለነበር የእያንዳንዱን ቁጥር ቅርጽ ማየት ቻልን። በማግስቱ ጽሑፉ ኢፐብ ሆኖ ማንበቢያው ላይ ተቀመጠ። ሠንጠረዡ ግን በጥቂት ፊደላት ላይ ተሳስቶ ኖሮ፣ አንዳንድ ቃላት ምን እንደሆኑ ለእኔም ለልጅቱም አልገባ አለን። አያትየው ማንበብ ስለማይችሉ ደጁ ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ ከማንበቢያው ጮክ ብላ ታነብላቸው ጀመር። ስለ አፈሩ አቦካክ የሚናገረው ክፍል ላይ ስትደርስ «ገለ ተወቅጦ ይቀላቀላል» ብላ አነበበች። አሮጊቷ ከት ብለው ሳቁ።

«ገል ነው እንጂ ልጄ! የተሰበረ ሸክላ። አባትሽ በደንብ ጽፎት ነበር።»

ወደ ሠንጠረዡ ተመለስን። በዚያ ፎንት ለ እና ል የሚለዩት በአንድ ተከታይ ቁጥር ሲሆን፣ እኔ በቸልታ አጭሩን ቅንጅት አስቀድሜ ነበር። ቅደም ተከተሉን አስተካክለን ፋይሉን እንደገና ስንለውጠው በአርባ ሦስቱ ገጽ ውስጥ መቶ አሥራ ሰባት ቦታ ላይ ለ የነበረው ል ሆነ።